ቆጥ ላይ ያለችው አይጥ

“ስክሪኑ ሞቷል፣ እህቴ። አላህ የተሻለውን ይተካልዎ” አለ አጎቷ ከታች ከሱቁ፣ ሰው የሞተ ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ረዛን ቆጡ ላይ ተቀምጣ የላፕቶፑን ስክሪን ታየዋለች። አልሞተም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከመጣ ጀምሮ ፊቷ ላይ ቦግ ብሎ እንደበራ ነው። ማለዳ ክዳኑን ቀና ዘንበል እያደረገች ሞክራዋለች፤ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ገመድ ተልጦ ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድርግም ማለቱ አይቀርም ነበር፤ አላለም። ጀርባውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋለች፤ ከመብራት ነቅላ በባትሪው ብቻ አሠርታዋለች፤ እስኪግል ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ፊልም ከፍታበታለች። ምንም የለም። ጨለመ የተባለ ስክሪን ሁሉ ደግሞ የሞተ አይደለም። ከኋላ የሚያበራለት መብራት ብቻ ጠፍቶበት ሥዕሉ ውስጡ ያለ አለ፤ የስልክ መብራት በጎን ጠጋ ሲያደርጉበት ጽሑፉ ኩሬ ሥር እንዳለ ጠጠር ብቅ ይላል። ይኼኛው ግን ይህን መሞከሪያ እንኳ አላስፈለገውም፤ ጨልሞ አልታያትም። ብጣሽ ወረቀት ላይ “ጤነኛ ነው። ሴትየዋ ስትሠራበት ልየው” ብላ ጽፋ ከግማሽ ሰዓት በፊት ለአጎቷ ልጅ ለሰኽር ሰጥታው ነበር። አጎቷ ወረቀቱን አንብቦ፣ አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ደንበኛዋ ስትገባ የሞት መርዶ ነገራት።

ቆጡ ከወለሉ እስከ ጣሪያው አንድ ሜትር ከሠላሳ ነው። ረዛን ቀጥ ብላ መቆም ስለማትችል እግሮቹ በመጋዝ ባጠሩ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጫማዋን የምታወልቀው መሰላሉ ሥር ነው፤ ስልኳ ድምፅ የለውም፤ ሰው ታች ካለ አታስልም። በኢርቢድ ከተማ የዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቅ እንደ ፈላፍል ቤት ተደርድሯል፤ አጎቷ አቡ ሰኽር ደግሞ ከሁሉም የሚለየው ልጁ ኢንጂነር መሆኑ ነው። በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሰኽር ሆቴል አስተዳደር ሁለት ዓመት ተምሮ ያቋረጠ ልጅ ነው፤ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ባንኮኒው ጋ ይቆማል፣ ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ይሰካል፣ “እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ” ይላል፣ ከዚያ ላፕቶፑን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባና በመሰላሉ ወደ ላይ ያቀብላታል። ዲግሪው ያለው ላይ፣ ረዛን ጋ ነው። ቆጡ ላይ መዋል ከጀመረች ዐሥራ አራት ወር ሆናት። “ሴት ልጅ ትፈታዋለች ከተባለ ደንበኛው ግማሹን ነው የሚከፍለው” ብሎ ነበር አጎቷ መጀመሪያ ቀን፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ የገበያ ዋጋ እንደሚናገር። የሰኽር እጮኛ ቤተሰቦችም ልጃቸውን የሰጡት ለኢንጂነር ነው። በሁለት ሳንቃ መካከል ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት አለች፤ ረዛን ደንበኞቹን የምታውቀው በእሷ በኩል ነው፤ በመላጣቸው፣ በሻርፓቸው እጥፋት፣ ባንኮኒው ላይ በሚያኖሯቸው እጆች። የምትናገረው ደግሞ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነው። አንድ ጊዜ ካንኳኳች “ትንሽ ጠብቁ” ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ካንኳኳች “የምትሉት ልክ አይደለም” ማለት ነው። ሁለተኛውን ከተጠቀመችበት ብዙ ወር ሆኗታል።

ዛሬ ደግሞ ዝም ማለት ያለባት ቀን ነበር። ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የሚጠግን ቴክኒሻን የሚፈልግ የመንግሥት ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ የጎደላት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፦ አንድ ዓመት በጥገና መሥራቷን የሚያረጋግጥ፣ የሱቅ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ። ሦስት ሳምንት ለመነችው። በመጨረሻ እናቷ ትናንት አንድ ሳህን ኩሳ፣ በሩዝ የተሞላ ዝኩኒ፣ ይዛ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወደ እሱ ቤት ወጣች። ሕንፃው የአጎቷ ነው፤ እነረዛን አባቷ ከሞተ ጀምሮ ምድር ቤት ባለችው ሁለት ክፍል ኪራይ ሳይከፍሉ ይኖራሉ፤ ይኼንንም ማንም አንስቶት አያውቅም፤ ስላልተነሣም ከሁሉ በላይ ይከብዳል። እናቷ ባዶ ሳህኗን ይዛ ተመለሰችና “ነገ እጽፍላታለሁ ብሏል” አለች። ዛሬ ጠዋት ረዛን ስትወጣ በሩ ጋ ያዘቻት። “ካልጻፈልሽም አትጣዪው። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ።” ቆጡ ላይ የምትውለው ረዛን ናት፤ እዚያ ምን እንዳለ ታውቃለች። ራሷ ያዘጋጀችውን ረቂቅ፣ “በኮምፒውተር ጥገና ቴክኒሻንነት” የሚለውን፣ በላስቲክ ማኅደር አድርጋ ለአጎቷ ሰጠችው። “ከቀትር ሶላት በኋላ” አለና ከሒሳብ መኪናው ሥር አስገባው።

ደንበኛዋ ጡረታዋ የደረሰ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ነዚሃ ትባላለች። መርዶውን አልተቀበለችም። “እንዴት ይሞታል? ቤት እኮ ይበራል! ልጽፍበት ስቀመጥ ነው የሚጨልመው። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ድቅድቅ! ሻይዬን ላነሣ እጄን ሳነሣ ደግሞ ቦግ! ጂን ነው እንዴ?”

“ጂን ቢሆን በቅናሽ እናስወጣልዎ ነበር” አለ ሰኽር።

“አንተ ዝም በል፣ ኢንጂነር። አምጡትና ላሳያችሁ።”

ሰኽር መሰላሉን ወጥቶ ላፕቶፑን ወሰደ። ረዛን ወንበሯን ወደ ክፍተቷ ሳበች። መምህርቷ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ወደ ራሷ አዞረችው፤ እጆቿን ዘረጋች፤ ግራ እጇ ከኪቦርዱ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ እንዳረፈ ስክሪኑ ጭልም አለ። “ይኸው!” አለች እንደ አሸናፊ። አቡ ሰኽር ከእሷ ይበልጥ ደስ አለው። ሰኽር ረዛን እንዳስተማረችው የስልኩን መብራት በጎን አበራበትና “ሥዕሉ አለ፣ መብራቱ ነው የሄደው” አለ እያዘነ። ላይ ያለችው ግን ስክሪኑን አላየችም። የምታየው የሴትየዋን ግራ እጅ ነው። አንጓዋ ላይ የመዳብ አምባር አለ፤ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ሽምብራ የደበለበሉ፣ እነሱም መዳብ ያልሆኑ፣ ጠቆር ያሉ። እጇን አነሣች፤ ስክሪኑ በራ። አሳረፈች፤ ጨለመ። አቡ ሰኽርም በዚህ መሃል የራሱን አንጓ እያሻሸ ስለ ብርዱ አማረረ፣ የደንበኛ ወሬ እንዳይቋረጥ። “እኔንም እኮ ጨርሶኝ ነበር” አለች መምህርቷ፣ እጇን ከፍ አድርጋ እያሳየችው፣ “ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ! እህቴ ከዑምራ ስትመለስ ይኼን ከመዲና አመጣችልኝ። ማግኔት አለበት፤ ደሙን ይስባል። ካሠርኩት ወዲህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ልጅ እጽፋለሁ።” ሁሉንም በገዛ አፏ ተናገረችው። ክዳኑ ሲዘጋ የሚያውቅ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነገር እዚያው መዳፍ በሚያርፍበት ቦታ ሥር አለ፤ ማግኔት ሲቀርበው ክዳኑ የተዘጋ ይመስለውና መብራቱን ያጠፋል። ሴትየዋ እጇን ባሳረፈች ቁጥር ላፕቶፑን እየዘጋችው ነው። መድኃኒቱ አምባሩን ማውለቅ ነው፤ ወይም ቀኝ እጇ ላይ ማድረግ። ዋጋው ዜሮ።

ረዛን እስክሪብቶዋን አነሣች። ስለ ደብዳቤው አላሰበችም ቢባል ውሸት ነው፤ አስባለች፤ ግን እጇ ቀደማት። ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

“ምንድነው እሱ?” አለች መምህርቷ ወደ ጣሪያው እያየች።

“አይጥ ናት” አለ አቡ ሰኽር። “ቆጡ ላይ አይጥ አለችብን። ምግቧን በልታ ዝም ብትል ምን ነበር!”

“ድመት አምጡባት።”

“ድመቱም ይፈራታል” አለ ሰኽር፤ ሦስቱም ሳቁ። መምህርቷ እውነተኛ ሳቅ ነበር የሳቀችው፤ ሳቋ ደስ ይላል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ላፕቶፑ እዚህ የሚያድር ከሆነ ፎቶዎች እንዳሉበት ተናገረች፤ የልጇ ሰርግ፣ ሴቶቹ ብቻ ያሉበት፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ። አቡ ሰኽር እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። “ወላሂ፣ በዚህ ሱቅ ውስጥ የእርስዎን ፎቶ የሚያይ ወንድ የለም።” እውነቱን ነው። አጎቷ በሐሰት ምሎ አያውቅም፤ ቃሉን መርጦ፣ መዝኖ፣ እንደ አናጢ ልክ ለክቶ ይምላል፤ የቀረውን ሰው ራሱ ይሞላዋል። ላይ ሴት ልጅ አለች ቢላት ሴትየዋ እፎይ ባለች ነበር። ግን ያኔ ኢንጂነሩ ምን ይሆናል።

አጎቷ ለመምህርቷ ሻይ አቅርቦ ካስቀመጣት በኋላ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። መሰላሉን ሦስት ደረጃ ወጣ፤ ጭንቅላቱ ብቻ ከቆጡ ወለል በላይ ብቅ አለ። አጎትና የወንድም ልጅ ከዐሥራ አራት ወር ወዲህ ፊት ለፊት የሚነጋገሩት እንዲህ ነው፤ እሷ ጎንበስ፣ እሱ እስከ አገጩ።

“ምን ያንኳኳሻል?”

“ስክሪኑ ደህና ነው፣ አጎቴ። ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ። ሁለት ደቂቃ...”

“እንዳትነግሪኝ!” ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። “ምክንያቱን ካወቅኩ መማል አልችልም። እኔ ስክሪን ነው የመሰለኝ፤ መስሎኝ ነው የተናገርኩት። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። እንዳይጨልም ማድረግ ትችያለሽ?”

“እችላለሁ። ግን እኮ ምንም...”

“በቃ፣ አድርጊው። ላስቲኩንም አትርሺ።” ሊወርድ ሲል መለስ አለ። ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ ለስላሳ፣ የአጎት ድምፅ። “ደብዳቤሽን ዛሬ እጽፈዋለሁ። አልረሳሁትም። እናትሽ ትናንት ስትመጣ ምን ያህል እንዳፈርኩ አታውቂም፤ ለወንድሜ ልጅ ደብዳቤ መለመን ነበረባት?”

ረዛን ወደ ክፍተቷ አየች። መምህርቷ ሻይዋን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ግራዋን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ የመንገዱን ሰው ታያለች። ከቆጡ ላይ ሆኖ “መምህርት፣ አምባሩን ያውልቁ” ለማለት አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። ረዛን አምስቱን ሴኮንድ ቆጠረቻቸው። ከዚያ አጎቷን “እሺ” አለችው። ታች ዋጋው ተነገረ፤ ሰባ አምስት ዲናር፣ “ለእርስዎ ስንል ሰባ”። መምህርቷ “የዓመት የወይራ ዘይቴን ጣሳ ወሰዳችሁት” አለችና ከቀትር በኋላ እመለሳለሁ ብላ ወጣች።

ሥራው ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ዐሥሩ ደቂቃ ብሎን መፍታትና መግጠም ነው። የሩዝ ፍሬዋን በመበየጃው ጫፍ አሞቀቻት፣ በወረንጦ አነሣቻት፣ የወረቀት ጽዋ ውስጥ ጣለቻት፤ ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ከእንግዲህ ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ አያውቅም፤ ሴትየዋ ዘግታው ስትተኛ እሱ ሳይተኛ ያድራል፤ ባትሪው ከስምንት ወር አይበልጥም፤ አዲስ ባትሪ ሊገዛ ደግሞ ወደ ኢንጂነር ሰኽር ይመጣል። ይኼንንም አጎቷ ባያውቀው ይሻላል፤ ወይም ቢያውቀው ደስ ይለዋል። ከዚያ ስክሪኑን በአልኮል ወለወለች፣ ጠርዙ ላይ የነበረውን የዓመታት የጣት አሻራ አነሣች፣ ከወንበሯ ሥር ካለው ካርቶን ከእውነተኛ አዲስ ስክሪን የተላጠ ላስቲክ አወጣች። ይኼን ላስቲክ በጥንቃቄ መላጥና ማጠራቀም የሥራዋ ክፍል ነው። አየር ሳትይዝ ከግራ ወደ ቀኝ ለጠፈችው። ቀጥ ብሎ ተለጠፈ፤ ከዚህ በፊት ከለጠፈቻቸው ሁሉ የበለጠ።

ቀትር ላይ አጎቷና ሰኽር ሱቁን ዘግተው ወደ መስጊድ ሄዱ፤ ሰኽር ሲመለስ በስስ ቂጣ የተጠቀለለ ፈላፍል በመሰላሉ አቀበላት፤ የእሷ ሁልጊዜ ቃሪያ የለውም፤ አንድ ጊዜ ጠይቃ ነበር፤ ረስተውታል። እናቷ መልእክት ላከች፦ “ጻፈልሽ?” ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ “ትሁት ሁኚ።” ረዛን ሁለቱንም አንብባ ስልኩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋ አስቀመጠችው። ሰኽር ከታች ሆኖ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ፣ “የአጎቴ ልጅ፣ አይጥ ስላለሽ ተቀየምሽ እንዴ? እኔ እኮ ድመቱ ይፈራታል ብዬ ነው ያከበርኩሽ” አላት። ደግ ልጅ ነው። ክፋቱ ደግነቱ ምንም አለማድረጉ ነው።

ሰባት ተኩል ላይ መምህርቷ ተመለሰች። ሰኽር ላፕቶፑን በሁለት እጁ እንደ ኬክ አምጥቶ አኖረላት። ላስቲኩን ስታይ ፊቷ በራ። ጥግ ጥጉን በጥፍሯ ያዘች፣ ሸርርር አድርጋ ላጠችው፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ አዲስ ነገር ሲላጥ ዋጋው ይረሳል። ተቀመጠች፣ ግራ እጇን አሳረፈች፣ ጻፈች። አልጨለመም። አንድ መስመር፣ ሁለት፣ ሦስት። “ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ እጅዎን ቢያሳርፉ አይጨልምብዎትም” አለ አቡ ሰኽር፤ አሁንም እውነቱን ነው። መምህርቷ የሰኽርን እጅ ባረከች፣ ያሳደገችውን እናቱን ባረከች፣ ያስተማሩትን መምህራን ሳይቀር ባረከች። ከፈለች። አቡ ሰኽር ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ሲያስገባ አንጓውን ይዞ እንደገና አቃሰተ፤ ደስ ሲለው ያመዋል። “አምባርዎ ግን መልካም ነገር ነው፣ መምህርት። እንዴት ያለ ሥራ ነው! እንዲህ ያለ እዚህ አገር አይገኝም።”

የተመሰገነ ነገር ይቀርባል፤ ደንብ ነው። መምህርቷም ሳታመነታ አወለቀችው። “ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው።”

“አስተግፊሩላህ! እንዴት ይሆናል!”

“በአላህ ይውሰዱት።”

አቅራቢው ሦስት ጊዜ ይለምናል፣ የቀረበለት ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፣ ዕቃው ወደ ባለቤቱ እጅ ይመለሳል፤ ሁለቱም ደግነታቸውን ይዘው ይለያያሉ። ይኼን የአራት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። ረዛን ከላይ ሆና ሁለተኛውን እምቢታ ጠበቀች። አጎቷ እጁን ዘረጋ። “እንግዲህ ከመዲና የመጣ በረከት አይመለስም” አለ። ለአንድ አፍታ የመምህርቷ ባዶ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ተሰበሰበ። “እህቴ በረመዳን ትሄዳለች፣ ሌላ ታመጣልኛለች” አለች ቀስ ብላ። ላፕቶፗን አቅፋ ስትወጣ አንጓዋ ላይ አምባሩ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ታየ።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ከሩብ ሆነ። ረዛን አንድ ጊዜ አንኳኳች። “ሰምቻለሁ!” አለ አጎቷ፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ጮክ ብሎ። የሱቁን ላፕቶፕ ወደ ራሱ ሳበ፤ መምህርቷ ከያዘችው ዓይነት ነው፣ ትንሽ ያረጀ። ሰኽር ረቂቁን ከሒሳብ መኪናው ሥር አውጥቶ አቀበለው፤ አጎቷ አየውና ወደ ጎን ገፋው። “በሌላ ሰው አፍ ደብዳቤ አልጽፍም። ማኅተሙ የእኔ ነው፣ ቃሉም የእኔ ይሆናል።” በአንድ ጣት መጻፍ ጀመረ። ከላይ የሚታያት ጭንቅላቱ፣ እየቆመ የሚሄድ ቀኝ ጣቱና ላፕቶፑ ጥግ ላይ ያረፈው አዲስ አምባር ያሰረ ግራ እጁ ነበር፤ ስክሪኑ ወደ እሱ ዞሯል። ጥቂት መስመር እንደጻፈ ግራ እጁ ከኪቦርዱ ሥር ወዳለው ቦታ ወረደ፤ “ምን ሆነ ይኼ?” አለ።

“ጨለመ” አለ ሰኽር።

“ይታየኛል እንደጨለመ! ምን ሆነ ነው የምልህ። አንተ አይደለህ ኢንጂነሩ?”

ሰኽር ስቆ ሳይጨርስ ተወው። አጎቷ የመጥረጊያውን እጀታ አንሥቶ ጣሪያውን ሁለት ጊዜ መታ። “ረዛን! ነይ ውረጂ። ደብዳቤሽ ውስጡ ቀርቷል!”

ወረደች። መሰላሉ ሥር ጫማዋን አጠለቀች፤ መጋረጃውን ገልጣ ባንኮኒው ጋ ስትቆም ሱቁ ከላይ ሲታይ ከሚመስለው ያነሰ መሆኑን አየች። አጎቷ አልተነሣላትም። ላፕቶፑ እንዳይንሸራተት ጥጉን በግራ እጁ ጫን አድርጎ ይዟል፤ ሁለቱ ጠቆር ያሉ ሽምብራዎች ልክ በቦታቸው ተቀምጠዋል። “ስድስት መስመር ጽፌልሽ ነበር፣ ያውም ቆንጆ አድርጌ” አለ። “ቶሎ በይ፣ ሰዓትሽ እየደረሰ ነው።” የጻፈውን ታያለች ብሎ አልሠጋም፤ የጠዋቱን የስልክ መብራት ረስቶ፣ የጨለመ ነገር አይነበብም ብሎ አምኗል።

ረዛን የስልኳን መብራት አበራች፤ ስክሪኑን በጎን ጠጋ አድርጋ አየችው። ጽሑፉ ከኩሬው ሥር ብቅ አለ። *ለሚመለከተው ሁሉ። ወይዘሪት ረዛን በሱቃችን ውስጥ ለዐሥራ አራት ወራት በስልክ ተቀባይነትና በጽዳት በታማኝነት ስታገለግል...* እዚያ ላይ ነው የጨለመበት። ሁለተኛ ጊዜ አላነበበችውም። ስልክ ተቀባይ። ድምፅዋ እንዳይሰማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ የምታስል ሰው ስልክ ተቀባይ። ጽዳቱን እንኳ ሠርታዋለች፤ ዛሬ ጠዋት አንድ ስክሪን አጽድታለች፣ ላስቲክም ለጥፋበታለች፤ ስለዚህ ሰውየው በዚያ በኩል እውነቱን ጽፏል ማለት ይቻላል። እንደ ወትሮው ልክ ለክቶ። ዓይኗን አነሣችና ሰኽርን አየችው። ሰኽር የሚጻፈውን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ ካቻቢቴውን ከጆሮው አውርዶ ጥፍሩን ያጸዳበታል።

“እህስ?” አለ አጎቷ።

መብራቷን አጠፋች። “ስክሪኑ ሞቷል” አለች።

“እንዴት ይሞታል? ጠዋት እኮ ደህና ነበር!”

“ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፣ አጎቴ።”

“ሰባ አምስት ዲናር ነው፣ ባባ” አለ ሰኽር፤ ማንም አልሳቀለትም።

አጎቷ ፊቷን መረመረ። ሰው ሲዋሽ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሙያው ነው። “ወላሂ በይ” አላት።

ለዐሥራ አራት ወር እንዴት እንደሚማል ከላይ ሆና ሰምታለች፤ ቃል ሲመርጥ፣ ሲመዝን፣ በእውነት ጫፍ ላይ ሲራመድ። ያን ሁሉ ድካም ለምን እንደሚደክም ገርሟት ያውቅ ነበር። “ወላሂ” አለች። ቃሏን አልመረጠችም፣ አልመዘነችም። እንደ ውኃ ወረደ።

አጎቷ ከላፕቶፑ ይልቅ ለመሐላው ነው የተሸነፈው። ተነፈሰ። “እንግዲህ ምን ይደረጋል። ነገ ከአማን ስክሪን አዝዘን፣ ከገጠምሽው በኋላ እጨርስልሻለሁ። አላህ ያላለው ነገር...”

“ነገ” አለች። ረቂቋን ከባንኮኒው አነሣች፤ ወደ ማኅደሩ መልሳ አስገባችው፤ ማኅተም የሌለው፣ ንጹሕ፣ ትክክለኛ ወረቀት። ከዚያ በመጋረጃው በኩል ወደ ጓሮው በር መሄድ ሲገባት በፊት ለፊቱ በር ወጣች። አጎቷ “ወዴት ነው በዚህ?” ሲል ሰማችው፤ መንገደኛ እንዳያያት ነው የፈራው።

ውጭው ብርድ ነው። የማብሰያ ጋዝ የሚሸጠው መኪና ሙዚቃውን እየነፋ ያልፋል፤ ተማሪዎች በአንድ ጃንጥላ ሦስት ሦስት ሆነው ይሄዳሉ። ስልኳ ላይ ስምንት ከሃምሳ ይላል። ማመልከቻው የሚገባበት ቢሮ በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ ብትሮጥም ይዛው የምትሮጠው ነገር የለም። እናቷ እንደገና ጽፋለች፦ “ጻፈልሽ?” መምህርቷ ይኼኔ ቤቷ ገብታለች፤ ሰባ ዲናር የከፈለችበትን የድሮ ስክሪኗን ከፍታ፣ በባዶ አንጓዋ ትጽፋለች፤ ምናልባት እጇ መልሶ ያማት ይሆናል። ረዛን ይህን ለሷ መንገር ትችል እንደነበር፣ አሁንም ብትፈልጋት እንደምትችል አሰበች፤ አምስት ሴኮንዶቹን ግን ሸጣቸዋለች፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ይኼም በሱቁ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ማኅደሩን ዝናብ እንዳይነካው ካፖርቷ ውስጥ ከተተችና “ኢንጂነር ሰኽር” ከሚለው ጽሑፍ ሥር ሆና መንገዱ እስኪቀልላት ጠበቀች። በሩ አልተዘጋም ነበር።

“መጣ!” ሲል ሰማችው አጎቷን ከውስጥ፣ እጁን ከላፕቶፑ ላይ ሲያነሣ መሆን አለበት። “እይ፣ መጣ! አልሞተም!” ደብዳቤውን ሊቀጥል ይሆናል፣ ግራ እጁን እንደገና ያሳረፈው።

“ጠፋ” አለ ሰኽር።

መንገዱን ተሻገረች።